በሒሳብ ፈተና የካልኩሌተር አጠቃቀም፦ ግምትን ከቁልፍ ስለማስቀደም

የጥያቄው መነሻ

ካልኩሌተር በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለው ሥፍራ ግራ የሚያጋባ ነው። ተማሪው መሣሪያውን በሱቅ፣ በእህል በረንዳና በወላጆቹ የእጅ ስልክ ላይ ዘወትር ያየዋል። የመማሪያ መጽሐፉም አልፎ አልፎ በመሣሪያው እንዲሠራ ያዘዋል። በአንጻሩ የብሔራዊ ፈተና የሒሳብ ጥያቄዎች ያለ መሣሪያ እንዲሠሩ ሆነው የሚዘጋጁ በመሆናቸው፣ አያሌ አስተማሪዎች ካልኩሌተርን ወደ ክፍል ይዞ መግባትን ጊዜ እንደ ማባከን፣ አንዳንዴም ተማሪን እንደ ማሳነፍ ይቆጥሩታል። ይኸው ተማሪ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን በፊዚክስ፣ በስታቲስቲክስ፣ በሒሳብ አያያዝና በምሕንድስና ትምህርቶች መሣሪያውን በሚገባ እንደሚያውቅ ተደርጎ ይታሰባል። በዚያን ጊዜ አጠቃቀሙን ከሥሩ የሚያስተምረው ሰው ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ነገሩ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ጎልቶ ይታያል። በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች የሚማር ልጅ መሣሪያውን ቢያንስ ከሱቅ ያገኘዋል፤ ከዚገም ወይም ከአንከሻ የገጠር ቀበሌ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው በሰው እጅ ነው። ሁለቱ ተማሪዎች፣ ለምሳሌ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ የፈተና አዳራሽ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ በውጤት ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ አለ። በዞኑ ብዙ ሕፃናት ቁጥርን በአዊኛ ይጀምራሉ፤ አማርኛን ይጨምራሉ፤ ከፍ ወዳሉት ክፍሎች ሲደርሱ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። የካልኩሌተሩ ቁልፎች ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻረ ቃል ናቸው። ስለዚህ ቁልፉን የሚፈራው ተማሪ የግድ ሒሳቡን የማያውቅ ላይሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የሚከተለው ነው። በካልኩሌተር ተማምኖ የሚሠራ ተማሪ መሣሪያው ከመመለሱ በፊት መልሱ በየት አካባቢ እንደሚውል የሚያውቅ ተማሪ ነው። ይህ ችሎታ የሚገኘው በግምት ልምምድ ሲሆን፣ ያው ልምምድ ያለ መሣሪያ ለሚሰጠው ብሔራዊ ፈተናም በቀጥታ ይጠቅማል። በመሆኑም «ለፈተናው እናዘጋጅ ወይስ ካልኩሌተር እናስተምር» የሚለው ክርክር በአብዛኛው መሠረት የለውም።

ጥናቶች የሚሉት

እ.ኤ.አ. በ1972 የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ኤችፒ 35 የተባለውን የኪስ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር በ395 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ መሣሪያው ከመሐንዲሶች እጅ አልፎ ትምህርት ቤት ይገባል ብሎ ያሰበ ሰው ብዙ አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ በ25 ዶላር ገደማ መሸጥ ጀመረ። ክርክሩም ወዲያውኑ ወደ ትምህርት ቤቶች ዘለቀ። ልጆች የማባዛትና የማካፈል ችሎታቸውን ያጣሉ የሚለው ሥጋት በየአገሩ ተሰማ።

ሬይ ሄምብሪና ዶናልድ ዴሳርት እ.ኤ.አ. በ1986 የ79 ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው መረመሩ። መሣሪያው ከተለመደው ትምህርት ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ የመካከለኛ ተማሪዎች የወረቀትና የእርሳስ ችሎታ እንደሚሻሻል አገኙ። የአራተኛ ክፍል ውጤት ግን ከዚህ የተለየ ነበር፤ በዚያ ክፍል የማያቋርጥ አጠቃቀም መሠረታዊውን ችሎታ ሲያደናቅፍ ታይቷል። ኤሚ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ2003 ሌሎች 54 ጥናቶችን መርምራ፣ መሣሪያው በማስተማርም በመፈተንም ጊዜ ሲፈቀድ የተማሪዎች የስሌትና የችግር አፈታት ችሎታ እንደሚያድግ አመለከተች። ለማስተማር ብቻ ውሎ ለፈተና ሲከለከል ውጤቱ የተደባለቀ ነበር፤ ሆኖም ጉዳት አልታየም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የእኛን ሁኔታ የሚመለከት ነው። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የተካሄዱት እያንዳንዱ ተማሪ መሣሪያ በሚያገኝባቸው ክፍሎች ስለሆነ እንዳሉ ልንወስዳቸው አንችልም። ቢሆንም ለሥጋታችን መልስ ይሰጣሉ፤ ዝቅተኛ ክፍሎች ላይ ልንጠነቀቅ እንደሚገባም ያስተምራሉ። አቅራቢው መሣሪያው ከሰባተኛ ክፍል በፊት ወደ ክፍል ባይገባ ይመርጣል።

ግምት ከቁልፍ በፊት

በባንጃ ወረዳ አንድ ገበሬ በ0.375 ሄክታር መሬት ላይ ድንች ዘራ እንበል። ምርቱ በሄክታር 148 ኩንታል ቢሆን ስንት ኩንታል ያገኛል? ቁልፍ የሚቸኩለው ተማሪ የአሥርዮሹን ነጥብ ስቶ 555 ወይም 5.55 ቢያገኝ ያንኑ ይጽፋል፤ ከመሣሪያው የወጣ ነውና። ግምት የለመደው ተማሪ ግን አስቀድሞ 0.4 በ150 ያባዛና 60 ይላል። ሁለቱንም ቁጥሮች ወደ ላይ ስላጠጋጋ ትክክለኛው መልስ ከ60 ጥቂት እንደሚያንስ ያውቃል። መሣሪያው 55.5 ሲለው ይረጋጋል፤ 555 ቢለው ይጠራጠራል።

የወለድ ስሌትም እንዲሁ ነው። 10,000 ብር በ7 በመቶ ድርብ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢቀመጥ ስንት ይሆናል? በነጠላ ወለድ ቢሆን በየዓመቱ 700 ብር እየጨመረ 13,500 ይደርስ ነበር። ስለዚህ የድርብ ወለዱ መልስ ከ13,500 መብለጥ አለበት፤ ብዙም አይርቅም። መሣሪያው 1.07ን በአምስተኛ ርቢ 1.402551731 ይላል፤ መልሱም 14,025.52 ብር ነው። እዚህ ላይ ሌላ ትምህርት አለ። ተማሪው በመካከል 1.4 ብሎ አጠጋግቶ ቢያባዛ 14,000 ያገኛልና 25 ብር ከ52 ሳንቲም ይጠፋበታል። ማጠጋጋት በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ እንዲሆን፣ በመካከል ያለው ቁጥር በመሣሪያው ማኅደር ውስጥ እንዲቆይ ማስለመድ ያስፈልጋል።

መሣሪያው የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

መሣሪያው የታዘዘውን ይሠራል፤ ጉድለቱ ተማሪው ያዘዘውን አለማወቁ ላይ ነው። በፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥሉት ቦታዎች ብዙ አይደሉም፤ አንድ በአንድ ከታዩ በጥቂት ክፍለ ጊዜያት ይለመዳሉ።

የመጀመሪያው የስሌት ቅደም ተከተል ነው። ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ በአራት ብለን በተራ ብንጫን፣ የሱቁ ተራ ካልኩሌተር በደረሰበት እየሠራ 20 ይላል፤ ሳይንሳዊው ግን ማባዛትን አስቀድሞ 14 ይላል። ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህን ማሳየት ስለ ስሌት ደንብ ከሚሰጥ ረጅም ገለጻ ይበልጣል። ተማሪው የያዘው መሣሪያ የትኛው ዓይነት መሆኑን በዚሁ ጥያቄ ይለያል።

ሁለተኛው የቅንፍ ጉዳይ ነው። በወረቀት ላይ የክፍልፋይ መስመር ራሱ የቅንፍ ሥራ ይሠራል። ወደ ቁልፍ ሲዞር ግን መስመሩ ይጠፋል። ከላይ 24፣ ከታች 2 ሲባዛ በ3 ያለው ክፍልፋይ መልሱ 4 ነው፤ ያለ ቅንፍ በተራ ከተጫነ ግን ብዙ መሣሪያዎች 36 ይሰጣሉ። ከዚህም የከፋው የአሉታዊ ቁጥር ካሬ ነው። ያለ ቅንፍ የተጻፈ አሉታዊ አምስት ካሬ ሲደረግ ሳይንሳዊው መሣሪያ አሉታዊ 25 ይላል፤ ካሬ የሚያደርገው አምስቱን ብቻ ነውና። የኤክስ ካሬ ሲቀነስ አምስት ኤክስ ሲደመር ስድስት እኩል ይሆናል ዜሮ የሚለውን እኩልታ የሚፈታ ተማሪ፣ ከካሬ ሥሩ ምልክት በታች ያለው ዋጋ 25 ሲቀነስ 24፣ ማለትም 1 መሆን ሲገባው አሉታዊ 49 ያገኛል። «መልስ የለውም» ብሎም ያልፋል። የእኩልታው መልሶች ግን 2 እና 3 ናቸው።

ሦስተኛው የዘዌ መለኪያ ነው፤ ብዙ ሊባልበት ይገባል። በእንጅባራ አካባቢ ከቆመ አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ግርጌ 40 ሜትር ርቀት ላይ ሆነን ጫፉን በ35 ዲግሪ ዘዌ አየነው እንበል። የተመልካቹን ቁመት ለጊዜው ብንተወው፣ የዛፉ ቁመት 40 ሲባዛ በ35 ዲግሪ ታንጀንት ነው፤ ይህም 28 ሜትር ገደማ ይሆናል። መሣሪያው በራዲያን ላይ ተቀምጦ ከሆነ ግን 18.95 ሜትር ይላል። ይህ መልስ የሚያስፈራው ትክክል ስለሚመስል ነው። 19 ሜትር የሚሆን ባሕር ዛፍ በየመንደሩ አለ። ተማሪው እንዴት ሊጠራጠር ይችላል? የ30 ዲግሪ ታንጀንት 0.577፣ የ45 ዲግሪ ደግሞ 1 መሆኑን በቃሉ ካወቀ፣ ቁመቱ ከ23 ሜትር በላይና ከ40 ሜትር በታች መሆን እንዳለበት ያውቃል። 18.95 ከዚያ ክልል ውጭ ነው።

ሦስተኛ መለኪያም አለ፤ ግራድ ይባላል፤ ቀጥ ያለውን ዘዌ በ100 ይከፍላል። በትምህርት ቤት አንጠቀምበትም፤ ነገር ግን በብዙ ሳይንሳዊ ካልኩሌተሮች ውስጥ ስላለ ሳይታሰብ ይመረጣል። መሣሪያው በዚህ ላይ ከቆመ ለዛፉ ቁመት 24.5 ሜትር ይሰጣል። ይህ እንግዲህ ከግምቱ ክልል ውስጥ ይገባል! ግምት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ መኖሩን መደበቅ አይገባም። ስለዚህ ተማሪው ማንኛውንም የዘዌ ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት የ45ን ታንጀንት እንዲጭን ማስለመድ ይሻላል። መልሱ 1 ከሆነ መሣሪያው በዲግሪ ላይ ነው፤ ካልሆነ ይስተካከላል። ይህ ከአምስት ሰከንድ አያልፍም። በተለይ መሣሪያው ተውሶ የመጣ ከሆነ፣ ባለቤቱ በምን ላይ ትቶት እንደሄደ አይታወቅምና ግዴታ መሆን አለበት።

የቀረውን በአጭሩ ለማለፍ፣ በጣም ትልቅ ወይም በጣም ትንሽ ቁጥር ሲሆን መሣሪያው በሳይንሳዊ አጻጻፍ እንደሚመልስና በቀኝ በኩል የሚታየው ትንሽ ቁጥር የአሥር ርቢ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። የመቶኛ ቁልፍ አሠራር ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ ግን ተማሪው ጨርሶ ባይነካው ይሻለዋል፤ በ100 ማካፈል አያስቸግርም።

የባሕረ ሐሳብ ምሳሌ

መሣሪያው የማይነግረንን ነገር ለማሳየት ከባሕረ ሐሳብ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የዓመተ ምሕረቱን ወንበር ለማግኘት 5500 ላይ ዓመቱ ተደምሮ ለ19 ይካፈላል፤ የሚፈለገው ቀሪው ነው። ለ2018 ዓ.ም. ድምሩ 7518 ነው። ካልኩሌተሩ ለ19 ሲያካፍለው 395.6842105 ይላል። ቀሪው የት አለ? ተማሪዎች ብዙ ጊዜ 6842105 የሚለውን እንደ ቀሪ ይወስዳሉ። ትክክለኛው መንገድ 395ን ቀንሶ የተረፈውን አሥርዮሽ በ19 ማባዛት ነው። ቁጥሩ ከመሣሪያው ሳይወጣ ከተሠራ 13 ይመጣል፤ በወረቀት ተገልብጦ እንደገና ከተጻፈ ግን 12.9999995 ይሆናል። ሙሉ ቁጥር መሆን ያለበት ነገር ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ የማጠጋጋትን ትርጉም ያስረዳል። ከ13 አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። አበቅቴው 12 ሲባዛ በ11፣ ማለትም 132፣ ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 12 ነው። መጥቅዑ 12 ሲባዛ በ19፣ ማለትም 228፣ ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 18 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆናቸው የሥራው ማረጋገጫ ነው።

የቤተ ክህነት ሊቃውንት ይህን ሁሉ ያለ መሣሪያ ይሠሩታል። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ መልሱ በምን ወሰን ውስጥ እንደሚሆንና በምን እንደሚፈተሽ ያውቃሉ። ከካልኩሌተር ተጠቃሚ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ምሳሌው በቃል ትምህርት ውስጥ ያለፉ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ቢሠራ እነዚያ ልጆች ከመሣሪያው ቀድመው ሲደርሱ ሊታዩ ይችላሉ፤ ለክፍሉም መልካም ነው።

አንድ ካልኩሌተር ባለበት ክፍል

«መሣሪያ ሳይኖር እንዴት ይማራል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሆኖም ብዙው ሥራ መሣሪያ አይፈልግም። አስተማሪው የአንድ ሳይንሳዊ ካልኩሌተርን ገጽ በትልቅ ካርቶን ላይ ይሥል፤ እያንዳንዱን ቁልፍ በግልጽ ይጻፍ። ተማሪዎችም በደብተራቸው ይገልብጡት። አንድ ጥያቄ ሲሰጥ ተማሪው ሦስት ነገሮችን በተርታ ይጽፋል፦ ግምቱን፣ ቁልፎቹን የሚጫንበትን ቅደም ተከተል፣ በመጨረሻም የመሣሪያውን መልስ። የመጨረሻውን ለማግኘት አንድ ተማሪ ወጥቶ በእውነተኛው መሣሪያ ላይ ጓደኞቹ የጻፉትን ቅደም ተከተል ይጫናል፤ መልሱንም ጮክ ብሎ ያነባል። የግምቱ ባለቤቶች ማን እንደቀረበ ያያሉ። በየሳምንቱ የሚወጣው ተማሪ ቢለዋወጥ፣ መሣሪያውን ጨርሶ ነክቶት የማያውቅ ልጅ አይቀርም።

የቁልፎቹ ስም በተማሪው ቋንቋ ይነገር። የካሬ ሥርን ቁልፍ «የትኛው ቁጥር በራሱ ቢባዛ ይህን ይሰጣል» ብሎ በአዊኛም ሆነ በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ልጅ የእንግሊዝኛውን ምሕጻረ ቃል አይፈራም።

የእጅ ስልክን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። የስልኩ ካልኩሌተር በቁሙ ሲያዝ ተራ፣ በብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ በጎኑ ሲጋደም ሳይንሳዊ ይሆናል። ለቤት ልምምድ ያገለግላል። ወደ ፈተና አዳራሽ ግን ስልክ ስለማይገባ፣ በስልክ ብቻ የተለማመደ ተማሪ በፈተናው ቀን ከማያውቀው የቁልፍ ሰሌዳ ጋር ይገናኛል። ካልኩሌተር የሚፈቀድበት ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ በሚፈተንበት መሣሪያ መሥራት ይኖርበታል።

ያለ መሣሪያ ለሚሰጠው ፈተና መሣሪያው እንዴት እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ተማሪው 2ን በአሥረኛ ርቢ በመሣሪያው አስልቶ 1024 ያግኝ፤ ለ1000 መቅረቡንም ያስተውል። ከዚህ ተነስቶ የ2 ሎጋሪዝም ለምን ለ0.3 እንደሚቀርብ ይገባዋል። ከዚያ የ50 ሎጋሪዝም ስንት ነው ቢባል፣ ሃምሳ መቶ ለሁለት መሆኑን አስታውሶ ከ2 ላይ 0.3010 ይቀንስና 1.6990 ይላል። መሣሪያውም 1.69897 ብሎ ያጸናለታል። በብሔራዊ ፈተና ላይ የ2 ሎጋሪዝም ተሰጥቶ ሌላው ሲጠየቅ፣ ይህ ተማሪ የሚሠራው የለመደውን ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት ከካልኩሌተር መኖር ወይም አለመኖር ጋር ማያያዝ ስሕተት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚያሳስበው ሁሉ የመሠረታዊ ስሌትና የግምት ችሎታ በየክፍሉ እንዴት እንደሚሰጥ ሊመረምር ይገባል።

የሌሎች አገሮች ልምድ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን ከመከልከል የተለየ መንገድ ያሳያል። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ድምፅ የማያሰማና ፕሮግራም የማይሞላለት ካልኩሌተር ከሒሳብ ሠንጠረዥ ጋር ይፈቀዳል፤ ሆኖም አንዳንድ ጥያቄዎች «ያለ ካልኩሌተርና ያለ ሠንጠረዥ ሥራ» ብለው ይጀምራሉ። በእንግሊዝ የጂሲኤስኢ የሒሳብ ፈተና ሦስት ክፍል ሲኖረው የመጀመሪያው ያለ መሣሪያ፣ ሁለቱ ከመሣሪያ ጋር ይሠራሉ። ለእኛ አገር የመጨረሻው መንገድ የሚሻል ይመስላል፤ ለተቆጣጣሪ ቀላል ነው፤ ሁለቱንም ችሎታ ለይቶ ይለካል።

ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መሣሪያው ሳይዳረስ በፈተና ቢፈቀድ ጥቅሙ ለከተማ ልጆች ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መነሻው የትምህርት ቤት ፈተና ቢሆን ይመረጣል፤ በሴሚስተሩ ማጠቃለያ ላይ አንድ አጭር ክፍል ከመሣሪያ ጋር እንዲሠራ ተደርጎ፣ ከነጥቡ ግማሹ ለግምቱና ለቁልፉ ቅደም ተከተል ይሰጥ። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ሥሪት ያላቸውን 30 መሣሪያዎች ቢይዝ፣ ክፍሉን በሁለት ዙር ከፍሎ መፈተን ይችላል። ዓይነታቸው አንድ መሆኑ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ አስተማሪው የቁልፍ ቅደም ተከተልን ማረም አይችልም። በፀሐይ ብርሃንና በባትሪ የሚሠሩት ይመረጣሉ፤ በክረምት ደመና የእንጅባራ ክፍሎች ስለሚጨልሙ በፀሐይ ብቻ የሚሠራው አያስተማምንም። እያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ይለጠፍበት፤ በቤተ መጻሕፍት መዝገብ ላይ እንደ መጽሐፍ ይፈረምበት፤ ከገጠር ለሚመጡና ቤታቸው መሣሪያ ለሌላቸው ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድን በውሰት ይሰጥ።